የመቀነት ብርና የጆንያ ብር



ስለ ገጠር ሴቶች የአትክልት ልማት ይናገራል ሲባል ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ንግግር አለ፤ የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የተባይ መድኃኒት፣ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል። ያንን የሚያስተምር የግብርና ባለሙያ በየቀበሌው አለ፤ እኔ ልደግመው አልመጣሁም። የእኔ ጥያቄ ከሽያጩ በኋላ ያለው ነው። ብሩ በማን እጅ ገባ? በየትኛው ሳምንትስ ገባ? እነዚህ ሁለቱ ካልታወቁ በሄክታር የሚሰላው ቁጥር ስለ ሴቲቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ከማረሻው ልነሳ። በደጋና በወይና ደጋ እርሻችን ማረሻ የሚጨብጠው ወንድ ነው። ሴት ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ ሞፈርና ቀንበር ግን አትይዝም፤ ብትይዝ መንደሩ መነጋገሪያ ያደርጋታል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በስሟ መሬት እያላት፣ በሬና አራሽ ስለሌላት ብቻ እኩል አራሽ ፈልጋ ምርቷን ለሁለት ትካፈላለች። ኤስተር ቦዝሩፕ የተባሉት ዴንማርካዊት ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ነገር በሰፊው አይተውታል፤ በእጅ መቆፈሪያ በሚታረስበት አገር ሴቷ የእርሻው ባለቤት ትሆናለች፣ ማረሻ በገባበት አገር ግን ማሳው ወደ ወንዱ ያዘነብላል ይላሉ። የእኛ ደጋ የማረሻ አገር ነው።

ጓሮ ግን በዶማ ይቆፈራል። በሬ አይጠይቅም፣ እኩል አራሽ አይጠይቅም። አመዱም፣ የበረት ጥራጊውም፣ የጠላ አተላውም የሚደፋው እዚያው ስለሆነ አፈሩ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ወፍራም ነው። ዶሮና ፍየል ካልገባበት በቀር ከቤት ሳይርቁ ይጠበቃል። አንዲት ሴት ማንንም ሳትለምን ከዘር እስከ ሽያጭ የምትመራው እርሻ ቢኖር ይኸው ነው። «የጓሮ አትክልት» ሲባል ፈገግ የሚሉ ባለሥልጣናት አጋጥመውኛል፤ የጊዜ ማሳለፊያ ይመስላቸዋል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የምጠራቸው ዋጋዎች ለስሌት ያህል የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የየገበያችሁን አስገቡበት።

አሥር በአሥር ሜትር፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር ጓሮ አለ እንበል። የሐበሻ ጎመን በግማሽ ሜትር ርቀት ቢተከልበት 400 እግር ይይዛል። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠሱ መሸጥ ይቻላል፤ ተክሉ ከላይ እየጨመረ ይሄዳል። በሳምንት 30 እስር ተሸጠ፣ አንዱ እስር 15 ብር ሆነ እንበል። 450 ብር ነው። ለአራት ወር፣ ማለትም ለ16 ሳምንት፣ 7,200 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ በየሳምንቱ አራት እስር ለቤት ወጥ ይቀነጠሳል። ይህን ሒሳብ ውስጥ የማያስገባ ሰው ይበዛል፤ ትክክል አይደለም። ጓሮው ባይኖር ያ ጎመን ከገበያ ይገዛ ነበርና በገበያ ዋጋ ሲታሰብ 960 ብር ነው።

450 ብር በቅዳሜ ገበያ ምን ያደርጋል? የወፍጮ ይከፍላል፣ ጨውና ሳሙና ይገዛል፣ ልጅ ደብተር ካለቀበት ደብተር ይሆናል። ተርፎ ከተገኘ በመቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ወደ እቁብ ይሄዳል። ይህን ብር ባል አይጠይቅም፤ ትንሽ ነዋ። የመቀነት ብር ትልቁ ጥቅሙ ትንሽነቱ ነው ብል አትገረሙ። በየሳምንቱ ስለሚመጣ ቤቱ በቆሎውን ወይም ጤፉን ዋጋ በወደቀበት በጥር ወር እየሰፈረ ለጨው እንዳይሸጥ ያደርጋል። እህሉ እስከ ሰኔ ጎተራ ውስጥ ከቆየ ዋጋው ይጨምራል፤ ያ ጭማሪ የማን ትርፍ ነው? የጎመኑ ነው፤ ነገር ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ በጎመን ስም አይመዘገብም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። 7,200 ብሩን በመቶ አባዝቶ «አንድ ሄክታር ጎመን 720,000 ብር ያስገባል» የሚል ወረቀት የሚያቀርብ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የአንዲት ከተማ የቅዳሜ ገበያ የሚበላው ጎመን ልክ አለው። ከልኩ ያለፈው ማታ ላይ ለፍየል ይሆናል።

አሁን ወደማይቆጠረው ወጪ እንምጣ። በበጋ 100 ካሬ ሜትር ጓሮ በቀን ቢያንስ አራት ሚሊ ሜትር ውኃ ይጠጣል። ያ 400 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን ሃያ ጊዜ ትሞላለች ማለት ነው። ጉድጓዱ ቅርብ ሆኖ አንዱ ምልልስ ሰባት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ በቀን 140 ደቂቃ ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ። በ112 ቀን ከ260 ሰዓት በላይ ነው፤ በስምንት ሰዓት ቀን ሲመነዘር ወደ 33 የሥራ ቀን። የቀን ሠራተኛ ዋጋ 200 ብር ነው ብንል 6,500 ብር ገደማ። ከ7,200 ብሩ የተረፈው ስንት ነው?

«ያንን ሰዓት የሚገዛት የለም፤ ስለዚህ በነጻ ነው» የሚል የሙያ ባልደረባ ሁሌም አይጠፋም። ሰዓቱ የሚሸጥበት ገበያ ባይኖርም ሰዓቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይቻላል። ከእንቅልፏ ነው፣ ከሕፃኑ ጡት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው እሷ ናትና። ስለዚህ ለጓሮ አትክልት የሚወጣው የመጀመሪያው ብር ለዘር ሳይሆን ለውኃው ርቀት መዋል አለበት እላለሁ። የጓሮ ጉድጓድ፣ ገመድ ፓምፕ፣ ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ወይም ቢያንስ መሬቱን በሣር ማልበስ። በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ በሚባለው ቀበሌ በሴቶች ጓሮ ላይ ተመራማሪዎች ይህን ሞክረውታል፤ አፈሩን ደጋግሞ መቆፈሩን ትተው ድርቆሽ አለበሱት፣ ውኃውን በጠብታ መስኖ ሰጡት። የሚጠጣው ውኃ ቀነሰ፣ ምርቱም ጨመረ። ሣር ማልበሱ ግን ከብት ያላቸውን ሴቶች ያጣላል፤ ያው ድርቆሽ የላሚቱ ምሳ ነው። ለማልበሻ ላሚቱ የማትቀበለውን የአገዳና የአረም ድብልቅ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ቀላል ነው አልልም።

ከጓሮው ወጥተን ወደ መስኖ ማሳ እንሂድ። ፎገራ ላይ በርብና በጉማራ ዳር፣ ሜጫ ላይ ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት ተብሎ በተሠራው በቆጋ መስኖ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ደግሞ በመቂና በባቱ ዙሪያ፣ ሽንኩርት ትልቅ ገንዘብ ነው። ሩብ ሄክታር ሽንኩርት እንያዝ። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ የፓምፕ ነዳጅና የቀን ሠራተኛ ተደምሮ 90,000 ብር ወጣ እንበል። ምርቱ 50 ኩንታል ሆነ። ኪሎው 30 ብር ከሆነ 60,000 ብር ትርፍ አለ። 15 ብር ከሆነ 15,000 ብር ኪሳራ ነው። 18 ብር ላይ አቻ ይሆናል። ከ18 እስከ 30 ያለው ርቀት በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚሄድበትም የሚመለስበትም ጊዜ አለ።

ልብ በሉ፣ ይህ ሒሳብ የሚስቲቱንና የልጆቹን ጉልበት አላሰበም። ችግኙን አንድ ወር ተኩል ያህል በመደብ ላይ ውኃ እያጠጣች ያሳደገች ማን ናት? ሲተከልስ? ወገብ ጎንበስ ብሎ በእያንዳንዱ መስመር ችግኝ መሰካት የሴትና የልጅ ሥራ ነው። የቀን ሠራተኛ ሲቀጠርም ለተከላና ለአረም የሚመጡት ሴቶች ናቸው፤ ክፍያቸውም በብዙ ቦታ ከወንዱ ያነሰ ነው። የቤተሰቡ ጉልበት 120 የሥራ ቀን ነው ብለን በ200 ብር ብናባዛው 24,000 ብር ይጨምራል፤ አቻ የሚሆነው ዋጋ ወደ 23 ብር ይወጣል። ደላላው 20 ብር ሲሰጥ «አተረፍን» የሚለው ቤት በሚስቲቱ ወገብ ነው ያተረፈው።

ሽያጩን ቀረብ ብለን እንየው። ደላላው ከነጋዴው ጋር በስልክ ዋጋ ጨርሶ ማሳ ላይ ይመጣል። ጆንያውን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። ጆንያው ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ ከአፉ በላይ እንደ ጉልላት ይከመርበታል፤ ያ ክምር በሣርና በገመድ ይሰፋል። ዋጋው በጆንያ እንጂ በኪሎ ስላልሆነ ያ ጉልላት በነጻ ይሄዳል። ድርድሩ ከባል ጋር ነው፤ ብሩም በባል ስልክ ወይም በባል የባንክ ደብተር ይገባል። ያቺ ችግኝ ያሳደገች ሴት የተሸጠበትን ዋጋ የምትሰማው ማታ ነው፣ ከነገሯት።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ከተሻሻለ ወዲህ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፣ አስተዳደሩም የጋራ ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። መሬቱ ሁለት ፎቶ ሲኖረው ሽንኩርቱ አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ አለው። ይህን የምለው ወንዶቹን ለመክሰስ አይደለም። የመድኃኒቱን ዕዳ በስሙ የፈረመው፣ ዋጋ ሲወድቅ አበዳሪ በሩን የሚያንኳኳበት እሱ ነው። ሆኖም ብር ሲገዝፍ ከሴት እጅ የመውጣት ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋምቢያ ውስጥ ጃሃሊ ፓቻር በተባለው ስፍራ ረግረጉ ላይ ሩዝ የሚያመርቱት ሴቶች ነበሩ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፓምፕ መስኖ ገብቶ ሩዙ በዓመት ሁለቴ መመረት ሲጀምር፣ መሬቱ ለሴቶች ይሰጣል ተብሎ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም ውሎ አድሮ አዛዦቹ የቤት አባወራዎች ሆኑ፤ ሴቶቹ በራሳቸው የቀድሞ ማሳ ላይ ጉልበት ሰጪ ሆነው ቀሩ።

ይህን ያነሳሁት ሴቶች ሽንኩርት አይዝሩ ለማለት አይደለም። የጆንያ ብር ቤት ያሠራል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል፤ የመቀነት ብር ይህን አይችልም። ግን አንድ ፕሮጀክት መጥቶ «ጎመኑን ነቅለሽ ቲማቲም አድርጊው፣ ገቢሽ በአምስት እጥፍ ያድጋል» ሲላት፣ ገቢው ቢያድግ እንኳ ገቢዋ ሊቀንስ እንደሚችል ይታሰብ ነው የምለው። ቲማቲም ደግሞ ከሁሉም የከፋ ቁማር ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባችው ቱታ አብሶሉታ የምትባል የእሳት እራት ቅጠሉንም ፍሬውንም እየፈለፈለች በመድኃኒት ብቻ አልበገር ብላለች። ፍሬው ከቀላ በኋላ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ደላላው ሁለት ቀን ዘግይቶ ቢመጣ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ብቻ ነው።

ዋናው የድርድር ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ መቆየት በሚችል ምርት። ነጭ ሽንኩርት በደንብ ከደረቀ በጓዳ ማገር ላይ ተንጠልጥሎ ለወራት ይቆያል፤ ዋጋ ሲመች አንድ ሁለት ኪሎ እየተፈታ ይሸጣል። ደርቆ የተቀመጠ በርበሬም፣ ጌሾም እንዲሁ ነው። እነዚህ በትንሽ በትንሹ ስለሚሸጡ ብሩም በመቀነት ልክ ይመጣል፤ በዓመት ሲደመር ግን የጆንያ ብር ይጠጋል። ለእኔ እንደ ጓሮ ነጭ ሽንኩርት የሴትን አቅም የሚያውቅ ሰብል የለም፤ በግብርና ቢሮ ዕቅዶች ላይ ግን የሚያገኘው ቦታ ትንሽ ነው። ቀዩ ሽንኩርትም ቢሆን ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት በፊት ውኃ ከተቋረጠበት፣ አንገቱ ደርቆ በጥላና በነፋስ ላይ በቆጥ ከተዘረጋ፣ ጥቂት ሳምንት ይታገሣል። ያች ጥቂት ሳምንት ብዙ ጊዜ ከ15 ብር ታወጣለች።

የቀን መቁጠሪያውም ገንዘብ ነው። የክረምት ሽንኩርት በቅጠል በሽታ ስለሚጠቃ ብዙ ሰው አይደፍረውም፤ ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይወደዳል፤ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ደግሞ የዶሮው ወጥ ሽንኩርት ይፈልጋል። ዝናቡ አብቅቶ በኅዳር ሁሉም አንድ ላይ የተከለው በመጋቢት አንድ ላይ ይወጣል፤ ገበያው ይጥለቀለቃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ቅቤ የሚያቆመው ሁሉ ወደ ጎመን፣ ድንችና ሰላጣ ይዞራል። የረቡዕና የዓርብ ጾም ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ለከተማ ጉልት የሚደርስ እስር ጎመን ከቅዳሜው የተሻለ ያወጣል። ወሎ ላሉት ደግሞ የረመዳን ማፍጠሪያ አለ፤ የሾርባው ካሮትና የሰላጣው ቲማቲም ወሩን ሙሉ ይፈለጋል። ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ መዝራት ማንም ይችላል፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የበዓላትን አቆጣጠር ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ስለ ዘር አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፈው። የሐበሻ ጎመን ዘር አንድ ሁለት እግር አበባ እንዲያወጣ በመተው ከጓሮ ይገኛል። የሽንኩርት ዘር ግን በጣሳ ታሽጎ በውድ ይገዛል፣ ከዓመት በላይ ከቆየም ብቅለቱ ይወድቃል። ጣሳው ላይ ያለውን ቀን ማንበብ የሚችል ልጅ ቤት ውስጥ አለ። ከሱቁ ሲመጡ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፤ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ስንቱ እንደበቀለ መቁጠር። ከ70 በታች ከሆነ መደብ ላይ ከመዝራት ወደ ሻጩ መመለስ።

ስለ ሽያጭ፣ በቡድን ሆኖ መሸጥ የሚለውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ማኅበር ብሎ ማኅተም ከማስቀረጽ በፊት ሚዛን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ተንጠልጣይ ሚዛን ውድ ዕቃ አይደለም፤ እድርተኞች ተዋጥተው ይገዙታል። ጆንያው ሲመዘን ያ ጉልላት ስንት ኪሎ እንደሆነ ይታያል፤ ደላላውም በኪሎ መነጋገር ይጀምራል። ቀጥሎ አሥር ሴቶች ተባብረው አንድ አይሱዙ ወይም ባጃጅ ተከራይተው ለከተማ ጉልት ቸርቻሪዎች ማድረስ ይመጣል። ደላላን ማጥፋት የሚባለውን ፉከራ ግን አልወደውም። መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ የአዲስ አበባ የአትክልት ገበያ ዋጋ በአንድ ሌሊት ሲወድቅ ኪሳራውን የሚቀበለው እሱ የሆነበት ጊዜም አለ። የሚያስፈልገው ሁለተኛ ደላላ ነው፤ ተፎካካሪ የሌለው ብቻ ነው የሚያስፈራው።

በመጨረሻ ወደ መስኖው ውኃ ልመለስ፣ ምንም ብር የማይጠይቅ ማሻሻያ ያለው እዚያ ነውና። በብዙ የመስኖ ቦይ ላይ ውኃ የሚደርሰው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያወጣው የውኃ አባት ነው። ተራው ከመሸ በኋላ የደረሰ ሰው በሌሊት ወጥቶ ቦይ ይከፍታል። ወንድ ባትሪና ዱላ ይዞ ይወጣል። ባል የሌላት ሴት ምን ታድርግ? ወይ በጨለማ ለብቻዋ ትወጣለች፣ ወይ ከፍላ ሰው ትልካለች፣ ወይ ተራዋን ታሳልፋለች። ተራዋን ያሳለፈች ሴት ሽንኩርት በዚያ ሳምንት ይጠወልጋል፤ በሁለተኛው ዓመት ማሳውን ለእኩል አራሽ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ወዲያ በቀበሌው መዝገብ ላይ «መስኖ ተጠቃሚ» ተብላ ብትቆጠርም ውኃዋን የሚያጠጣው ሌላ ነው።

መፍትሔው በአንድ የቦይ ተጠቃሚዎች ስብሰባ ያልቃል፦ እማወራዎችና ሕፃን የያዙ ሴቶች ለብቻ በቀን ሰዓት ዕጣ ይጣልላቸው። የሚነሳው ተቃውሞም የታወቀ ነው፤ የቀን ውኃ በፀሐይ ስለሚተን ሌሊት ይሻላል፣ የቀን ተራ ሴቶቹንም ይጎዳል ይባላል። ትነቱ እውነት ነው። ሆኖም ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ውኃ ብዙም አይተንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ሰዓት የያዙት ደግሞ በኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ ሴት አለች ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ «አለች፣ ገንዘብ ያዥ ናት» የሚል መልስ ይመጣል። የተራውን መዝገብ ማን እንደሚይዝ ጠይቁ።